ጳጉሜን 5፦ ሕይወትን የሚጠብቅ ዕቅድ

ጳጉሜን 5 ሲደርስ በየቤታችን ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ይባላል። በዚያው ዕለት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10፣ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ቀን በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። መታሰብ የጀመረው በ2003 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

እኛ የጤና ክበብ አባላት ይህን ርእስ የመረጥነው ክብደቱን ሳንዘነጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። በ2021 ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነበር። ይህ የእኛና የታላላቆቻችን ዕድሜ ነው።

አንድ አገር ይህን ለመከላከል ምን ሊያደርግ ይችላል? ድርጅቱ በ2021 ባወጣው መመሪያ አራት ሥራዎችን ዘርዝሯል። አንደኛ፣ ለጉዳት የሚውሉ ነገሮች በቀላሉ እንዳይገኙ ማድረግ፤ ሁለተኛ፣ መገናኛ ብዙኃን በጥንቃቄ እንዲዘግቡ መምከር፤ ሦስተኛ፣ ወጣቶች ስሜታቸውን የመግለጽና ችግርን የመፍታት ችሎታ እንዲያዳብሩ ማገዝ፤ አራተኛ፣ የተጨነቀን ሰው ቶሎ ለይቶ ማከምና መከታተል።

ይህ እንደሚሠራ ማስረጃ አለ። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑ የተባይ ማጥፊያዎችን በየደረጃው ከገበያ ስታግድ፣ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን በጊዜ ሂደት 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ፊንላንድ ደግሞ በጥናት ላይ የተመሠረተ ብሔራዊ ፕሮግራም በ1986 ጀመረች። ቁጥሩ እስከ 1990 ድረስ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሥራው ግን አልተቋረጠም፤ ከ1990 ወዲህ መጠኑ ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ከፊንላንድ የምንማረው ዕቅድ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ የሚጠይቀውና የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። እንግሊዝ በ2002 ብሔራዊ ስትራቴጂ ስታወጣ አማካሪ ቡድንም አብሮ ሠርቷል። ቡድኑን የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሉዊስ አፕልቢ በሰብሳቢነት መርተዋል። በእንዲህ ያለ ቡድን ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የሚያነሡትም ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ቃል የተገባው ተፈጽሟል? ቁጥሩ የት ጨመረ፣ የት ቀነሰ? የተረሳው ማን ነው?

አገራችን ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ያወጣችው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲነሣ ስሙ የሚጠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ስትራቴጂው ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አለመ።

እኛ ግን የምንኖረው በጅቡቲ ከተማ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀጠና፣ ጅቡቲ ደግሞ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጠና ውስጥ ናት። ወደብ ላይ የሚሠራው አባት፣ ከባድ መኪና እየነዳ ድንበር የሚመላለሰው አጎት፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህት በሁለት አገር ዕቅዶች መካከል እንዳይረሱ እንሰጋለን። «የተረሳው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው።

ስለዚህ በየትምህርት ዘመኑ መጨረሻ እኛም ራሳችንን ብንጠይቅስ? የከፋው ተማሪ የሚሄድበትን መምህር ያውቃል? ከትምህርት የቀረውን ልጅ ቤቱ ሄዶ የጠየቀው አለ? በቋንቋችን የሚያዳምጥ የጤና ባለሙያ የት እንዳለ ወላጆች ያውቃሉ?

እስከዚያው ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው አለ። ጓደኛህ «መኖር ሰለቸኝ» ቢልህ አትቆጣው፣ አትሳቅበትም። «ራስህን ስለ መጉዳት እያሰብክ ነው?» ብለህ በቀጥታ ጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምርበት ባለሙያዎች ያረጋግጣሉ። ብቻውን አትተወው። ምሥጢር እንድትጠብቅ ቢለምንህም ለምታምነው ታላቅ ሰው ወይም ለመምህር ንገር፤ አደጋው የቀረበ ከመሰለህ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይዘኸው ሂድ። ይህን የምታነቢው ወይም የምታነበው የከፋሽ፣ የከፋህ ራስሽ ወይም ራስህ ከሆናችሁም ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እንናገር፣ እንደማመጥ። መጪውን እንቁጣጣሽ ማንም ሳይጎድልብን አብረን እንድንቀበል እንመኛለን።