ጎታው ሲሞላ፤ ቍጥርን በኮምፒዩተር ስለ ማኖርና ስለ መጨመር

የቆጋ ወንዝ ከመራዊ ከተማ አጠገብ ተገድቦ 7 ሺሕ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ መሆኑን ታውቃላችሁ። በበጋ ወራት ውሃው ለየቦዩ በተራ የሚደርስ ስለ ሆነ፤ የግድቡን የውሃ ከፍታ በየዕለቱ ለክቶ መመዝገብ ያሻል። ከመዝገቡ አንድ ቀን የጐደለ እንደ ሆነ የውሃ አባቱ ተራውን ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የሚታየው በገበሬው ስንዴ ላይ ነው።

መዝገቡ በኮምፒዩተር ይያዝ ቢባል፤ በፓይተን ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ነምፓይ የተባለ መሣሪያ አለ። ትራቪስ ኦሊፋንት የተባለው አሜሪካዊ ከቀደሙት ሁለት መሣሪያዎች አዋሕዶ ያዘጋጀው ሲሆን፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ወጣ። ቍጥሮቹ ተራ በተራ የሚቀመጡበት ማኅደር «አሬይ» ይባላል። እኔ ግን በጎታ እመስለዋለሁ። ጎታ በጭቃ ተሠርቶ ከደረቀ በኋላ እንደማይሰፋ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ባላገር ሁሉ ያውቀዋል፤ የአሬይም ልክ ሲፈጠር ይወሰናል። «ዜሮስ» ብሎ 365 ቢያዙት፤ 365 ዜሮ የያዘ ጎታ ይሠራል።

ችግሩ ያለው በመጨመሩ ላይ ነው። «አፔንድ» የሚባለውን ትእዛዝ የሚሰማ ሁሉ በነበረው ላይ የሚደርብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። አዲስ ጎታ ይሠራና የነበረውን ሁሉ ገልብጦ አዲሱን ቍጥር ከመጨረሻው ያኖራል፤ አሮጌው እንደ ነበረ ይቀራል። ስለዚህ ጸሐፊው የተመለሰለትን አዲሱን ጎታ በስም ካልያዘው፤ የዚያ ቀን ልክ ይጠፋል። ኮምፒዩተሩም «ተሳሳትህ» አይለውም።

ድካሙንም ተመልከቱ። 365 ቀን አንድ በአንድ ሲጨመር፤ የቀደመው በየዕለቱ እንደገና እየተገለበጠ ድምሩ 66,430 ግልበጣ ይሆናል። ይህ ለኮምፒዩተር ኢምንት ነው፤ በየደቂቃው ለሚለካ መሣሪያ ግን ሥራውን ያጐትታል። ብዛቱ የማይታወቅ እንደ ሆነ በፓይተን «ሊስት» ሰብስቦ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ወደ አሬይ መለወጥ ይሻላል፤ ሊስት ትርፍ ቦታ እያሰናዳ ያድጋልና። ብዛቱ የታወቀ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ሙሉውን ጎታ ሠርቶ እያንዳንዱን ቀን በቦታው መተካት ነው። ዜሮ ውሃ የለም ማለት እንዳይመስል፤ ላልተለካው ቀን «ናን» የሚባለውን የባዶ ቦታ ምልክት በ«ፉል» ትእዛዝ መሙላት ይገባል።

ወራቱን በረድፍ፤ ቀናቱን በዐምድ ለሚያሰልፍ ሰው ደግሞ ጳጕሜን ታስቸግረዋለች። አሬይ አራት ማዕዘን ነውና 13 ረድፍ በ30 ዐምድ ይሠራል፤ ከ390ው ቦታ 25ቱ፤ ጳጕሜን 6 ስትሆን 24ቱ፤ ናን እንደ ሆኑ ይቀራሉ። በዚህ ጎታ ላይ የመጨመሩን አቅጣጫ ሳይነግሩ «አፔንድ» ቢሉ፤ ወራቱ ሁሉ ተዘርግተው አንድ ረዥም ረድፍ ይሆናሉ።