ብሩካይት፦ በአንድ ቀመር ከሚጠሩት ማዕድናት ብርቅ የሆነው

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት የአንድ ቁስ ምንነት ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በኬሚካዊ ቀመሩ ነው። ከዚህም የተነሣ ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ከያዘ ቁሱን ያወቀ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ለጀማሪ ጠቃሚ መነሻ ቢሆንም በተፈጥሮ ያለውን እውነታ በሙሉ አይሸፍንም። ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገሮች በእኩል መጠን ተዋሕደው ሳለ በመልክ፣ በእፍጋትና በአፈጣጠር የሚለያዩ ማዕድናት አሉ። አልማዝና ግራፋይት ሁለቱም ካርቦን መሆናቸው በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል። ከዚህ ያላነሰ ትምህርት የሚሰጥ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነሣ ሌላ ምሳሌ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ማዕድናት ናቸው።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አንድ የቲታኒየም አቶም ከሁለት የኦክስጅን አቶሞች ጋር በመዋሐድ የሚገኝ ውሁድ ነው። በክብደት ሲሰላ 60 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም፣ ቀሪው 40 በመቶ ኦክስጅን ነው። ይህ ውሁድ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በዋናነት በሦስት ማዕድናት መልክ ይገኛል፤ እነርሱም ሩታይል፣ አናታዝና ብሩካይት ይባላሉ። ከሦስቱ በብዛት የሚገኘው ሩታይል ሲሆን ብሩካይት ግን ብርቅ ነው። ከዚህ በታች የብሩካይት ጠባያትና አፈጣጠር ይገለጻል፤ ከዚያም ጉዳዩ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ያለው ጠቀሜታ ይብራራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የግኝቱና የስሙ ታሪክ

ቲታኒየም የተባለው ንጥረ ነገር መኖሩ በመጀመሪያ የታወቀው በ1791 ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ግዛት ማናካን በሚባል ሥፍራ፣ ዊልያም ግሬጎር የተባለ ቄስ ከወንዝ ዳር የተወሰደ ጥቁር አሸዋ ሲመረምር ቀድሞ ያልታወቀ የብረታ ብረት ኦክሳይድ አገኘ። በ1795 ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት ያንኑ ንጥረ ነገር ከሩታይል ውስጥ ለይቶ፣ በግሪክ አፈ ታሪክ ከሚታወቁት ታይታኖች ስም በመውሰድ ቲታኒየም ብሎ ሰየመው።

ማዕድናቱ ስማቸውን ያገኙት በየተራ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዡስት ሃዊ በ1801 አናታዝን ሲሰይም ከግሪክኛ ቃል ተነሥቶ ነበር፤ የቃሉ ትርጉም መርዘም ወይም መዘርጋት ሲሆን የማዕድኑን ረዘም ያለ ቅርጽ ያመለክታል። ሩታይል ደግሞ በ1803 በጀርመናዊው አብርሃም ቬርነር የተሰየመው ቀላ ያለ መልኩን በሚገልጽ የላቲን ቃል ነው። ሦስተኛው ማዕድን ብሩካይት ተብሎ የተሰየመው በ1825 ሲሆን፣ ስያሜውን የሰጠው ፈረንሳዊው አርማን ሌቪ ነው። ስሙም የተወሰደው ከእንግሊዛዊው የክሪስታል ተመራማሪ ከሄንሪ ጄምስ ብሩክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ከተገኙባቸው ሥፍራዎች አንዱ በዌልስ አገር የሚገኘው የስኖውዶን ተራራ አካባቢ ነበር።

በዚያ ዘመን የአቶሞችን አደራደር የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ሊቃውንቱ ማዕድናቱን የለዩት በክሪስታሉ ገጾች መካከል ያሉትን ማዕዘኖች በጥንቃቄ በመለካት ነበር። ኬሚካዊው ምርመራ ሦስቱም አንድ ውሁድ መሆናቸውን ሲያረጋግጥ፣ የማዕዘኖቹ ልኬት ግን ሦስቱም የተለያዩ መሆናቸውን መሰከረ። ሁለቱም ምስክርነቶች ትክክል ነበሩ።

2. የብሩካይት ጠባያት

ብሩካይት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በስስና ጠፍጣፋ ክሪስታሎች መልክ ነው። ገጾቹ ላይ ቀጥታ ጭረቶች ይታያሉ። መልኩ ከቢጫማ ቡናማ እስከ ቀይ ቡናማ፣ አንዳንዴም እስከ ጥቁር ይደርሳል፤ አብረቅራቂነቱም የአልማዝን ወይም የብረታ ብረትን ይመስላል። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከ2.58 እስከ 2.70 ሲሆን ይህም ከአልማዙ 2.42 የሚበልጥ ነው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6 ይደርሳል፤ ስለሆነም ኳርትዝ ይቧጭረዋል። በተለመዱት አሲዶች አይሟሟም።

በእፍጋት ሲነጻጸሩ አናታዝ በኩቢክ ሴንቲሜትር 3.9 ግራም ያህል፣ ብሩካይት 4.1 ግራም ያህል፣ ሩታይል ደግሞ 4.25 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ቀመራቸው አንድ ከሆነ የእፍጋታቸው ልዩነት ሊመጣ የሚችለው አቶሞቹ ተጠጋግተው ወይም ተራርቀው ከመደርደራቸው ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ አኃዝ ራሱ ወደ ውስጣዊው አደራደር የሚመራ ፍንጭ ነው።

3. የአቶሞች አደራደር

የብሩካይት ውስጣዊ አደራደር በኤክስ ሬይ አማካይነት የተገለጸው በ1928 በላይነስ ፖሊንግና በሥራ ባልደረባው በስተርዲቫንት ነው። በሦስቱም ማዕድናት ውስጥ እያንዳንዱ የቲታኒየም አቶም በስድስት የኦክስጅን አቶሞች ተከቧል። ስድስቱ ኦክስጅኖች በምናብ በመስመር ቢያያዙ ስምንት ገጽ ያለው ጠጣር ቅርጽ ይሠራሉ። ስለዚህ የሦስቱ ማዕድናት የግንባታ ጡብ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት በጡቦቹ አገጣጠም ነው። በሩታይል እያንዳንዱ ባለ ስምንት ገጽ ቅርጽ ከጎረቤቶቹ ጋር ሁለት ጠርዞችን ይጋራል፤ በብሩካይት ሦስት፣ በአናታዝ አራት ጠርዞችን ይጋራል።

የብሩካይት ክሪስታል ትንሹ ተደጋጋሚ ክፍል፣ ማለትም ኅዋሱ፣ ሦስት እኩል ያልሆኑና እርስ በርሳቸው በቀጤ ማዕዘን የሚገናኙ ጎኖች አሉት። ርዝመታቸው 9.18፣ 5.45 እና 5.15 አንግስትሮም ያህል ነው። በዚህ ሳጥን ውስጥ ስምንት የቲታኒየምና ዐሥራ ስድስት የኦክስጅን አቶሞች ይገኛሉ። ከዚህ ተነሥቶ የማዕድኑን እፍጋት ማስላት ይቻላል። የሦስቱ ጎኖች ብዜት 257.7 ኩቢክ አንግስትሮም ይሆናል። የአንዱ ቀመር ክብደት 79.87 የአቶም ክብደት መለኪያ ስለሆነ የስምንቱ ድምር 639 ያህል ነው። አንዱ መለኪያ በኩቢክ አንግስትሮም ሲካፈል በኩቢክ ሴንቲሜትር 1.66 ግራም ስለሚሆን፣ 639 በ1.66 ተባዝቶ ለ257.7 ሲካፈል 4.12 ይገኛል። በዐይን የማይታየው ሳጥን በሚዛን ከተገኘው ውጤት ጋር ይስማማል።

4. አፈጣጠሩ

ከሦስቱ ማዕድናት በተለመደው ሙቀትና ግፊት የመጨረሻውን ርጋታ የያዘው ሩታይል ነው። ብሩካይት ከ750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ወደ ሩታይል ይለወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ብሩካይትነት አይመለስም። ይህ ከሆነ ብሩካይት ለሚሊዮኖች ዓመታት እንዴት ሊቆይ ቻለ? ነገሩን በተራራ ወገብ ላይ፣ በእርከን ውስጥ ባረፈ ድንጋይ መመሰል ይቻላል። የድንጋዩ የመጨረሻ ማረፊያ ሸለቆው ነው፤ ሆኖም የእርከኑን ከንፈር የሚያሻግረው ኀይል ካላገኘ ካለበት አይንቀሳቀስም። ለብሩካይት ይህን ኀይል የሚሰጠው ከፍተኛ ሙቀት ነው።

ብሩካይት ከመነሻው ለምን ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ ጠቃሚ ፍንጭ የተገኘው በደቃቅ ክሪስታሎች ላይ ከተደረገ ምርምር ነው። በ2000 ዣንግና ባንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ የክሪስታሉ ስፋት ከ11 ናኖሜትር በታች ሲሆን ይበልጥ የሚረጋው አናታዝ ነው፤ ከ11 እስከ 35 ናኖሜትር ባለው መካከል ብሩካይት፣ ከዚያ በላይ ሩታይል ይረጋል። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ መሠረት ማዕድኑ በጥንስስነቱ የያዘውን አደራደር፣ ከዚያ በኋላ ቢያድግም እንኳ፣ ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል።

በተፈጥሮ ብሩካይት በሚከተሉት ሁኔታዎች ይገኛል።

ሀ) በተራራማ አገር ዐለቶች ስንጥቅ ውስጥ፦ የመሬት ቅርፊት ታጥፎ ተራራ ሲሆን ዐለቶች ይሰነጠቃሉ። በስንጥቆቹ የሚዘዋወረው የከርሰ ምድር ፍል ውሃ በዙሪያው ካሉት ዐለቶች ቲታኒየም ያለባቸውን ማዕድናት እያፈረሰ፣ ከኳርትዝ፣ ከአልባይትና ከክሎራይት ጋር ብሩካይትንና አናታዝን ያስቀምጣል። የስዊስና የፈረንሳይ አልፕስ እንዲሁም የሰሜን ዌልስ ናሙናዎች በዚህ ዓይነት የተገኙ ናቸው።

ለ) በቅልጥ ዐለት ዳርቻ፦ ከጥልቅ የወጣ ቅልጥ ዐለት በዙሪያው ያለውን ዐለት አሙቆና በፍል ውሃ አርሶ ሲለውጥ ብሩካይት ሊፈጠር ይችላል።

ሐ) በደለል ዐለት ውስጥ፦ ብሩካይት በቀላሉ ስለማይፈርስ ከተሸረሸረ ዐለት ወጥቶ በአሸዋ ውስጥ ይከማቻል። ከዚህም ሌላ ኢልሜናይት በፈረሰበት የአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ እንደ አዲስ ያድጋል።

ከዚህ በመነሣት በአንድ ዐለት ውስጥ ብሩካይት ሳይለወጥ መገኘቱ ዐለቱ ከዚያ ወዲህ ብርቱ ሙቀት እንዳልደረሰበት ያመለክታል። ሆኖም ማዕድኑ እንደ ትክክለኛ ሙቀት መለኪያ ሊወሰድ አይገባም። የለውጡን ፍጥነት የክሪስታሉ መጠን፣ በውስጡ የተቀላቀሉ ባዕድ ንጥረ ነገሮችና የጊዜው ርዝመት ይወስኑታል።

5. የማግኔት ኮቭ ምሳሌ

በአሜሪካ በአርካንሶ ግዛት የሚገኘው ማግኔት ኮቭ ከላይ በ«ለ» የተገለጸውን አፈጣጠር ያሳያል። በዚህ ሥፍራ ከ100 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የወጣ ቅልጥ ዐለት ኖቫኩላይት ከሚባለው ጥቅጥቅና ደቃቅ የኳርትዝ ዐለት ጋር ተገናኘ። በመገናኛው ላይ በተፈጠረው ለውጥ ጥቁርና ወፍራም የብሩካይት ክሪስታሎች ተገኙ። ክሪስታሎቹ ከአውሮፓዎቹ ስስ ናሙናዎች ጋር ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ አሜሪካዊው ቻርልስ አፕሃም ሼፐርድ በ1846 አዲስ ማዕድን መስለውት አርካንሳይት ብሎ ሰየማቸው። ኋላ ሲመረመር ግን ብሩካይት መሆናቸው ተረጋገጠ።

በዚያው ሥፍራ የዚህ ተቃራኒም ይታያል። የውጭ ቅርጻቸው በሙሉ የብሩካይት የሆኑ፣ ውስጣቸው ግን ወደ ሩታይል የተለወጠ ክሪስታሎች አሉ። ቤቱ እንደቆመ ነዋሪው ተለውጧል እንደማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ሥፍራ መልክ ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ አንድ ጊዜ አንዱን ማዕድን ሁለት አስመስሎ፣ ሌላ ጊዜ ሁለቱን አንድ አስመስሎ። ቀመሩም አይረዳም፤ ለሁሉም አንድ ነውና። ፍርድ የሚሰጠው የአቶሞች አደራደር ብቻ ነው። ይህንንም የሚያሳየው በኤክስ ሬይ ወይም በተመሳሳይ ዘዴ የሚደረግ ምርመራ ነው።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ብሩካይት በየትምህርት ቤቱ የሚገኝ ናሙና አይደለም። ሐሳቡን ግን በቀላል መሣሪያ ማስተማር ይቻላል። ተማሪዎች ከካርቶን ስምንት እኩል ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖችን እየቆረጡ ባለ ስምንት ገጽ ቅርጾችን ቢሠሩና በጠርዛቸው በተለያየ መንገድ ቢያያይዟቸው፣ ከአንድ ዓይነት ጡብ ልዩ ልዩ ቤት እንደሚሠራ በእጃቸው ይረዳሉ። የድኝ ሙከራም ይጠቅማል። ድኝ ቀስ ብሎ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ መርፌ መሳይ ክሪስታሎችን ይሠራል፤ እነዚህም ከ95.5 ዲግሪ በታች ሲቆዩ ግልጽነታቸውን እያጡ ወደ ሌላ አደራደር ይለወጣሉ። ድኝ የሚታይ ለውጥ ሲያደርግ ብሩካይት ግን ዘመናትን ይሻገራል፤ ንጽጽሩ ርጋታና ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ያስረዳል። ድኝ ሲነድ የሚወጣው ጢስ ጎጂ ስለሆነ ሙከራው አየር በሚዘዋወርበት ሥፍራ፣ በመምህሩ እጅ፣ ድኙ እንዳይቀጣጠል በመጠንቀቅ መደረግ አለበት።

ለዕቅድ አውጪዎች ጉዳዩ ተግባራዊ ነው። የላቦራቶሪ ሪፖርት በአንድ ዐለት ውስጥ ያለውን ቲታኒየም አብዛኛውን ጊዜ የሚገልጸው «ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህን ያህል በመቶ» በማለት ነው። ይህ የሒሳብ አጻጻፍ እንጂ የማዕድን ስም አይደለም። በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ አቅራቢያ በቢኪላል በሚገኘው ክምችት ቲታኒየሙ በዋናነት ያለው ከማግኔታይትና ከአፓታይት ጋር በተቀላቀለው ኢልሜናይት ውስጥ ነው። ኢልሜናይት የብረትና የቲታኒየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ ንጹሕ ሆኖ ቢመረመር በሪፖርቱ 53 በመቶ ያህል ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይመዘገባል፤ ነገር ግን በውስጡ ሩታይልም ብሩካይትም የለም። የነጭ ቀለም ኢንዱስትሪ ሩታይልን በቀጥታ በክሎሪን ዘዴ ሊጠቀምበት ሲችል፣ ኢልሜናይት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰልፈሪክ አሲድ ይታከማል ወይም በቅድሚያ ብረቱ ይለያል። የፋብሪካው ዓይነት፣ ወጪውና ተረፈ ምርቱ ሁሉ በዚህ ልዩነት ይወሰናሉ። ስለዚህ ከመቶኛው ቁጥር ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «በየትኛው ማዕድን ውስጥ?» የሚለው ነው።

ማጠቃለያ

ብሩካይት ለብቻው የሚቆፈር ማዕድን አይደለም፤ የገበያ ዋጋውም ከሰብሳቢዎች ዘንድ እምብዛም አያልፍም። ሆኖም ቀመር ምን ያህል እንደሚናገርና የት ላይ እንደሚቆም በግልጽ ያሳያል። ቀመሩ ቁሱ ከምን እንደተሠራ ይነግራል፤ አደራደሩ ቁሱ ምን እንደሆነ ይወስናል፤ የተገኘበት ዐለት ደግሞ በምን ሁኔታ እንደተፈጠረ ይመሰክራል። ሦስቱን አጣምሮ መጠየቅ የለመደ ተማሪ፣ ነገ የላቦራቶሪ ሪፖርት በእጁ ሲገባ ከቁጥሩ ባሻገር ያለውን ለመመልከት ዝግጁ ይሆናል።