እጥፍ የጨመረ ሁሉ እጥፍ አያገኝም

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተር ብትገልጡ፣ «የቀጥታ መስመር ግራፍ» በሚለው ርዕስ ሥር ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት ነው። ኤክስ 1፣ 2፣ 3፤ ዋይ ደግሞ 2፣ 4፣ 6። ልጁ ነጥቦቹን ያሰፍራል፣ በማስመሪያ ያገናኛል፣ መምህሩም «ራይት» ያደርግለታል። ከዚያ ሁሉ ሥራ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀረው ግን አንድ ሐሳብ ነው፤ «አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ ይሆናል።»

ፈተና ላይ ዋይ = 2ኤክስ + 5 ሲመጣ ጉዱ ይታያል። ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ 11 መሆኑን አስልቶ ያገኘ ተማሪ፣ «ኤክስ 6 ሲሆንስ?» ሲባል ሳያሰላ 22 ብሎ ይጽፋል። መልሱ 17 ነው።

ነገሩ በአንድ ማርክ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ያው ሐሳብ ግን ከደብተር ወጥቶ ማሳ ውስጥ ይገባል። «አንድ ኩንታል ዩሪያ በቆሎዬን እንዲህ ካደረገው፣ ሁለት ኩንታል እጥፍ ያደርገዋል» ብሎ ተበድሮ ሁለተኛውን ኩንታል የጨመረ አባወራ አይቻለሁ። በቆሎው ተሸልቅቆ፣ ተሽጦ፣ የሁለተኛውን ኩንታል ብድር እንኳ አልሸፈነም። ሰውየው ሰነፍ ወይም ስግብግብ አልነበረም። የተሳሳተ ግራፍ ተማምኖ ነው የተበደረው።

ተረት፦ «አንዱ ሲጨምር ሌላውም ከጨመረ፣ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል።»

እውነታ፦ ይህ የሚሠራው መስመሩ ቀጥ ያለ ሲሆንና ከዜሮ ሲነሳ ብቻ ነው። ሁለቱም ካልተሟሉ አይሠራም።

በእርግጥ እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ያረጋግጠዋል። የሁለት ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ የአንዱ እጥፍ ነው፤ ምንም ላልገዛ ሰው ሒሳቡ ዜሮ ነው። የዩሪያ ጆንያም ይህንኑ ሕግ ያከብራል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ በአንድ ኩንታል ውስጥ 46 ኪሎ፣ በሁለት ኩንታል ውስጥ 92 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በመማሪያ መጽሐፍ «ርቱዕ ወደረኛ» የሚባለው ይህ ነው፤ ግራፉም ከዜሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ «እጥፍ ሲሆን እጥፍ» ውሸት አይደለም። ከቦታው ውጭ የገባ እውነት ነው።

ቀጥተኛ መስመር በሁለት ቁጥር ይታወቃል። አንደኛው መነሻው ነው፤ ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ ስንት ነው? ተማሪዎች «ዋይ ኢንተርሴፕት» የሚሉት ነው። ሁለተኛው እርምጃው ነው፤ ኤክስ አንድ በጨመረ ቁጥር ዋይ በስንት ይጨምራል? ይህ «ስሎፕ» ነው። መስመሩን ቀጥ የሚያደርገው እርምጃው አለመለዋወጡ ነው። መነሻው ዜሮ ይሁን የሚል ሕግ የለም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ የተሳፈረ ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በመንገድ 387 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሚኒባሱ 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ተሳፋሪው ከአዲስ አበባ 397 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ 20 ሲሄድ 407። የተጓዘው መንገድ እጥፍ ሆኗል፤ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ግን የጨመረው 10 ብቻ ነው። ዋይ = ኤክስ + 387 ማለት ይኸው ነው። ሚኒባስ ውስጥ «እጥፍ ራቅን» የሚል ሰው ቢኖር ይሳቅበታል። ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ግን ብዙዎቻችን እንቀበለዋለን።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ብቻ ውሰዱት። ያለ ዩሪያ ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል በቆሎ የሚሰጥ መሬት፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ሲጨመርበት 32 ኩንታል ሰጠ እንበል። የ«እጥፍ» እምነት ሁለት ኩንታል ዩሪያ 64 ይሰጣል ይላል። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ማዳበሪያ ያላየ ማሳም ባዶ እንደማይቀር ረስቷል። ከ32ቱ ውስጥ 20ው የአፈሩ ነው፤ የዩሪያው ድርሻ 12 ነው። መስመሩ ቀጥ ቢል እንኳ የሚገኘው 20 + 12 + 12 = 44 ነው። 64ን አስቦ የተበደረ ሰው ገና ከመዝራቱ በፊት 20 ኩንታል የሌለ በቆሎ ቆጥሯል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይከፋል። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይቀጥልም። የመጀመሪያው ኩንታል 12 ከጨመረ፣ ሁለተኛው 6 ሊጨምር ይችላል፤ ሦስተኛው ምንም ላይጨምር ይችላል። የእርምጃው መጠን ከተለዋወጠ ደግሞ ግራፉ መስመር መሆኑ ቀርቶ ጎባጣ ሆኗል። ሰብል በናይትሮጅን ብቻ አያድግም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በሰፊው ያሳወቀው ሕግ ምርትን የሚወስነው በጣም የጎደለው ንጥረ ነገር ነው ይላል። የጎደለው ፎስፈረስ ከሆነ ዩሪያ መከመር ጉድለቱን አይሞላም።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ፎስፈረሱ ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ተጣብቆ ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ዩሪያ ሲበዛ አሲዳማነቱን ያባብሰዋል፤ ክረምቱም ሰብሉ ያልወሰደውን ናይትሮጅን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። ከዩሪያ በፊት ኖራ የሚፈልግ ማሳ ላይ ሁለተኛ ኩንታል መጨመር ገንዘብን ከጎርፍ ጋር መሸኘት ነው።

«ታዲያ መስመሩ የሚጎብጠው የት ላይ ነው?» ብትሉኝ፣ ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቁጥር መጥራት ድፍረት ነው። አፈሩ፣ ዝናቡና ዘሩ በየማሳው ይለያያል። አገሪቱ ራሷ ለዓመታት ለሁሉም ማሳ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል አንድ ምክር ይዛ ቆይታ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ «ኢትዮሲስ» በተባለው ፕሮጀክት የአፈር ካርታ ወደ መሥራት የዞረችው አንድ ቁጥር ለሁሉም እንደማይሆን ስለታየ ነው። ገበሬው በራሱ ማሳ ጥግ ላይ ሦስት ቁራሽ መሬት ለይቶ፣ አንዱን ያለ ዩሪያ፣ አንዱን በአንድ እጅ፣ አንዱን በሁለት እጅ ቢሞክር ግን ግራፉን ራሱ ይስለዋል። ዋናው ነገር ዩሪያ ያልነካትን ቁራሽ አለመዝለል ነው። መነሻውን የምትነግረው እሷ ናት።

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቤልጂየም የሉቨን ተመራማሪዎች ደ ቦክ፣ ፋን ዶረንና ፈርስካፈል «የቀጥተኛነት ቅዠት» ያሉትን ነገር ለዓመታት አጥንተዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ እዚሁ ቡሬ የተጻፈ ይመስላል፤ አንድ ገበሬ ጎኑ 200 ሜትር የሆነ ካሬ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ለመበተን 8 ሰዓት ከወሰደበት፣ ጎኑ 600 ሜትር ለሆነ ካሬ ማሳ ስንት ሰዓት ይወስድበታል? አብዛኞቹ ተማሪዎች 24 አሉ። ጎኑ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ ዘጠኝ እጥፍ ስለሚሆን መልሱ 72 ነው። በእኛ ልክ ብናየው፣ 50 በ50 ሜትር ማሳ ሩብ ሄክታር ነው፤ 100 በ100 ግን ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ሄክታር ነው።

የሚያናድዱኝ ሰውን በዚህ የሚያሳስቱት ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ቤት ለቀረው ልጅ መምህሩ በስልክ የሚዞር «ሾርት ኖት» ሆነ። እዚያ ላይ በትልቁ «ሊኒየር ማለት እጥፍ ሲሆን እጥፍ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የጻፈው ሰው ምሳሌ ሲያስፈልገው ዋይ = 2ኤክስን ይወስዳል፤ መነሻ ያለውን መስመር ይዘለዋል፤ ምክንያቱም ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበታል። በሌላ በኩል «ምርት አነሰህ? ደግመህ ጨምርበት» የሚል የማዳበሪያ ነጋዴ አለ። እሱ ሒሳቡ አልጠፋበትም። የእሱ ገቢ እውነትም ከዜሮ የሚነሳ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ እጥፍ ከሸጠ እጥፍ ያገኛል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። መምህራን ሆይ፣ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ከኤክስ = 0 ይጀምር። የመጀመሪያው ምሳሌ ዋይ = 2ኤክስ ሳይሆን ዋይ = 2ኤክስ + 5 ይሁን። ተማሪው ከማካፈሉ በፊት ይቀንስ፤ 5፣ 7፣ 9፣ 11 መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 2 ነው፤ መስመር የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

የቀሩት ተረቶች ባጭሩ

ተረት፦ «የደመወዝ ጭማሪ የግብር እርከን ካሻገረህ እጅህ የሚገባው ይቀንሳል።»
እውነታ፦ አይቀንስም። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የሂሳብ ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረውን ቀመር ውሰዱ። እስከ 3,200 ብር ለሚከፈለው 15 በመቶ ሲቀነስ 142.50፤ ከዚያ በላይ እስከ 5,250 ድረስ 20 በመቶ ሲቀነስ 302.50። የሚቀነሰው ቁጥር የመስመሩ መነሻ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች 3,200 ላይ እንዲገናኙ ታስቦ የገባ ነው። ጡረታውን ትተን ብናሰላ፣ የ3,200 ብር ግብር 337.50፣ የ3,300 ደግሞ 357.50 ነው። ከ100 ብር ጭማሪው 80ው ኪስ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. እርከኖቹ ተሻሽለዋል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ግብር ፈርቶ ጭማሪ የሸሸ ሰው ካለ በከንቱ ነው።

ተረት፦ «መስመር ለመሳል ብዙ ነጥብ ያስፈልጋል።»
እውነታ፦ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው የሚወጣው ለማረጋገጫ ነው፤ ከመስመሩ ላይ ካልዋለ አንዱን ስታሰሉ ተሳስታችኋል።

ተረት፦ «መነሻው ሲቀየር ዳገቱም (ስሎፑም) ይቀየራል።»
እውነታ፦ የኢትዮጵያን ዓመት ወደ አውሮፓ ስንቀይር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 እንደምራለን። ዋይ = ኤክስ + 7 እና ዋይ = ኤክስ + 8 ዳገታቸው አንድ ነው፤ ትይዩ ናቸው፤ የትም አይገናኙም። ዘመን ስንቀይር «እጥፍ» የሚል ሰው አለመኖሩም ልብ ይባል።

ተረት፦ «ወደ ታች የሚወርድ መስመር ስህተት ነው።»
እውነታ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይወርዳል። ከዓባይ በረሃ ወደ ቡሬ በነቀምቴው መንገድ የወጣ ሁሉ ይህን ቁልቁል የሚወርድ መስመር በገላው ያውቀዋል።

ተረት፦ «ዳገቱ በዓይን ይለካል።»
እውነታ፦ የዋይን መለኪያ ዘርጉት፤ ያው መስመር ገደል ይሆናል። ሰብስቡት፤ ሜዳ ይሆናል። ግራፍ ሲያሳዩአችሁ መጀመሪያ ቁጥሮቹን አንብቡ፤ በተለይ የሚያሳያችሁ ሰው የሚሸጠው ነገር ካለ።

ተረት፦ «ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ፈንክሽን ነው።»
እውነታ፦ እንደ ምሰሶ የቆመው ኤክስ = 3 አይደለም። ለአንድ ኤክስ ስፍር ቁጥር የሌለው ዋይ አለው፤ ፈንክሽን ግን ለአንድ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ተረት፦ «ይህ ሁሉ ለገበሬ ልጅ ምን ይሠራለታል?»
እውነታ፦ ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል። የከተማ ልጅ በግራፍ ቢሳሳት ማርክ ይጎድልበታል። የገበሬ ልጅ ግን ማዳበሪያው ስንት እንዲሆን፣ ብድሩ እስከ ስንት እንዲደርስ አባቱ የሚያማክረው፣ ስልክ አውጥቶ የሚያሰላለት እሱ ነው። እሱ «ያለ ዩሪያ ስንት ነበር የሚሰጠው?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ፣ ቤተሰቡ የማይመለስ ብድር ሳይገባ ይቀራል። መነሻን ማወቅ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ልጅ ነው።