ድምፅ በተዘጋ ቁጥር "እንጥል ነው" አይባልም!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ድምፃችሁ ተዘግቶባችሁ ያውቃል? ኳስ ሜዳ ስትጮሁ ውላችሁ፣ ሠርግ ቤት ስትጨፍሩ አድራችሁ... በማግስቱ "ሃሎ" ለማለት እንኳ ያቅታል። ይሄኛው በጥቂት ቀን ይለቃል። ወር ሙሉ አለቅም ካለስ? የዛሬው ጨዋታችን በዚያ ላይ ነው።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጎት አሉኝ። መሪጌታ ናቸው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ነውና ብርዱ አይጣል ነው። በርኖስ ደርቦ ኩበት ከሚጨስበት ምድጃ ዳር መቀመጥ፣ ሳልና ጉንፋን የተለመደ ነው። የአጎቴ ድምፅ ሲሻክርም "ብርድ ነው" ተባለ። ዝንጅብል በማር ተጠጣ፣ ፌጦ ተሞከረ። ወይ ፍንክች! "እንጥልዎ ወርዷል" አሏቸውና አዋቂ የተባለ ሰው ጠርተው አስቆረጧቸው። እንጥሉ ሄደ፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም።

ልጠይቃቸው ስሄድ ከስተው፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቃቸውና ሲውጡ እንደሚያማቸው ሹክ አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እንጥሌ ተቆርጦ አልቋል፤ ከእንግዲህ ምኑን ይመረምሩታል?" አሉኝ በሹክሹክታ።

በስንት ልመና ሄድን። አክታቸው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ሐኪሙ ማንቁርታቸውንም ይዞት ነው አለን። ለካ ለወራት አብረዋቸው ያደሩት የቆሎ ተማሪዎች በዚያው አየር ሲተነፍሱ ኖረዋል! እነሱም ተመረመሩ። አጎቴ በነፃ የሚሰጠውን መድኃኒት ስድስት ወር ሳያቋርጡ ወሰዱ፤ ዛሬ ማኅሌት ይቆማሉ።

<b>ጥፋቱ የት ላይ ነው?</b>

እንጥል ከላንቃ ላይ የተንጠለጠለች ሥጋ ናት። ድምፅ የሚወጣው ግን ዝቅ ብሎ፣ ማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። አፍ አስከፍቶ በባትሪ ቢያዩ አይታዩም። የጉሮሮ ሐኪም በትንሽ መስተዋት ወይም በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ያያቸዋል። የሚገርማችሁ፣ የመስተዋቱን ዘዴ ያስተዋወቀው ሐኪም አይደለም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን አስተማሪ በ1854 እ.ኤ.አ. በመስተዋትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን አውታሮች አየ!

<b>እንዴት እንለየው?</b>

ንፍጥና ሳል ካለው አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው። ውኃ ጠጡ፣ ድምፃችሁን አሳርፉ። ማንሾካሾክ ግን እረፍት እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ጉሮሮ ያደክማል።

ሳል ሳይኖር ድንገተኛ ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ነጠብጣብና አንገት ላይ ንፍፊት ከወጣ የባክቴሪያ ቶንሲል ሊሆን ይችላል። በተለይ የልጆችን ቶንሲል አትናቁ። በወጉ ካልታከመ ቆይቶ የልብ በሮችን (ቫልቮችን) ሊጎዳ ይችላል።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ክሳትና የሌሊት ላብ ከተጨመረበት አክታ ይመርመር።

የድምፅ መሻከር ከሦስት ሳምንት ካለፈ ማንቁርት መታየት አለበት። በተለይ እናንተ ሲጋራ የማትለዩ! የማንቁርት ካንሰር አንዱ ምልክት ይኸው ነው፤ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ወይም ትንፋሽ ሲሳብ "ሲር ሲር" ካለ ግን ነገ አይባልም። በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል!

አጎቴ ዛሬ ድምፁ የተዘጋ ሰው ሲመጣባቸው "ስንት ሳምንትህ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሦስት ካላቸው "ምላጩን ተውና ሐኪም ቤት ሂድ" ይሉታል። እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት!