የሰርተፍኬት ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይዘጋል?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው ሰርተፍኬት በአንድ ውስን የሙያ ዘርፍ ላይ ያተኮረ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ሰዓት የሚይዝ የኮርሶች ስብስብ ሲሆን፣ ተማሪው ለብቻው ወይም ከዲግሪው ጋር አጣምሮ ሊወስደው ይችላል። ፕሮግራሙ ትንሽ በመሆኑ መዘጋቱም በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አዲስ ተማሪ አለመቀበል ቀላል ቢሆንም፣ ቀድሞ ለገቡት የተገባውን ቃል መሰረዝ ስለማይቻል አሠራሩ በየደረጃው ጊዜ ይወስዳል።

ለመዘጋት ከሚያበቁት ምክንያቶች ዋነኞቹ የተመዝጋቢ ማነስ፣ ዋና ኮርሶቹን የሚያስተምሩ መምህራን ጡረታ መውጣት እና የይዘቱ ከሌላ ፕሮግራም ጋር መደራረብ ናቸው። የገንዘብ ጉዳይም አለበት፤ በተለመደው የፌዴራል ደንብ መሠረት ራሱን የቻለ የሰርተፍኬት ፕሮግራም ተማሪዎቹን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለሚሰጠው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ፣ ለፔል ድጎማ፣ ለማብቃት ቢያንስ 15 ሳምንትና 16 የሴሚስተር ክሬዲት ሰዓት ሊኖረው ስለሚገባ፣ ከዚያ ያነሰው ከኪሳቸው መክፈል የማይችሉትን አመልካቾች ሊያጣ ይችላል።

የመዝጊያው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ክፍሉ ተነሥቶ በኮሌጁ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴና በመምህራን ሴኔት ከታየ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ ለሆነው ፕሮቮስት ይቀርባል፤ በአንዳንድ የመንግሥት ተቋማት ደግሞ እስከ አስተዳደር ቦርዱ ይዘልቃል። በ1915 የተመሠረተው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር፣ ውሳኔው በዋናነት መምህራን በሚመዝኑት ትምህርታዊ ምክንያት ላይ እንዲቆምና ጊዜያዊ የተማሪ ቁጥር መዋዠቅ ምክንያት እንዳይሆን ያሳስባል። በዚህ ሂደት ከሚመረመሩት ነጥቦች አንዱ የኮርሶቹ ዕጣ ነው፤ ለምሳሌ በሰርተፍኬቱ ውስጥ ያለ የስታቲስቲክስ ኮርስ ለሌሎች የትምህርት ክፍሎችም ግዴታ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ኮርሱ ይቀጥላል።

ከውሳኔው በኋላ በቅድሚያ የሚቆመው ቅበላ ነው። በመቀጠል የማጠናቀቂያ ዕቅድ ይወጣል፤ ይህም የተመዘገቡት ተማሪዎች ቀሪ ኮርሶቻቸውን እስከ መቼ እንደሚያገኙ፣ የማይሰጠው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካና ማን እንደሚያማክራቸው የሚደነግግ ሰነድ ነው። ዕቅዱ ለተቋሙ እውቅና ለሚሰጠው አካልም ሊቀርብ ይችላል፤ በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል ለሚገኙ በርካታ ተቋማት እውቅና የሚሰጠው የደቡብ ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ማኅበር የኮሌጆች ኮሚሽን፣ ፕሮግራም ሲዘጋ ይህ ዕቅድ ቀርቦለት እንዲጸድቅ ይጠይቃል።

የሰርተፍኬት ፕሮግራም ከዲግሪ የበለጠ የሚያስቸግረው ዕቅዱ የሚመለከታቸውን ተማሪዎች በመለየት ላይ ነው። የዲግሪ ተማሪ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ በትምህርት ክፍሉ ስም ሰፍሮ ሲገኝ፣ ሰርተፍኬቱን ከዲግሪው ጋር አጣምሮ የሚወስድ ተማሪ ግን ከአምስት ኮርሶች ሦስቱን ጨርሶም ገና ፕሮግራሙን በይፋ ያልመረጠ ሊሆን ስለሚችል፣ የመዘጋቱ ማስታወቂያ በሚላክላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይኖርም። ስለዚህ ጠንቃቃ የትምህርት ክፍል የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ኮርሶቹን የወሰዱትን ሁሉ ውጤት አገላብጦ እነዚህን ተማሪዎች ይፈልጋል።

የመጨረሻው የማጠናቀቂያ ጊዜ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ከካታሎጉ ይወጣል፣ ቀደም ብሎ የተሰጠው ሰርተፍኬት ግን ዋጋውን አያጣም፣ ከተማሪው ትራንስክሪፕትም አይፋቅም። ዩኒቨርሲቲው ፕሮግራሙን በአግባቡ ስለመዝጋቱ የሚመዘነውም ውሳኔውን ባሳለፈበት ፍጥነት ሳይሆን፣ በስም ያልተመዘገቡትን ጨምሮ ትምህርቱን የጀመሩት ተማሪዎች ለመጨረስ ባገኙት ዕድል ነው።