ማንበብ የተከለከለ መጽሐፍ

ማታ በኩራዝ ብርሃን ስንማር አንድ አባት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ጌታውም ክርስቲያን፣ ባሪያውም ክርስቲያን ከሆነ፣ አንዱ መጽሐፍ ለሁለቱ እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋቸውም። አሁን ልሞክር።

በአሜሪካ አገር ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የተወሰዱ ጥቁሮችና ልጆቻቸው ከ200 ዓመት በላይ በባርነት ተገዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1860 ቁጥራቸው 4 ሚሊዮን ያህል ነበር። ጥጥ ይለቅማሉ፣ ትምባሆ ይኮተኩታሉ። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ ጉያ ተነጥሎ ይሸጣል። (በእኛም አገር ሰው እንደ ከብት ገበያ ይወጣ ነበር፤ ባርነት ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው።)

ጌቶቹ ሰባኪ ያመጡላቸው ነበር። ስብከቱም ባሪያ ለጌታው ይታዘዝ፣ አይስረቅ፣ አይጥፋ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 ደግሞ ለካሪቢያን ደሴቶች ባሮች ተብሎ በለንደን የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ከብሉይ ኪዳኑ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጁ ያህል ተቆርጦ ወጥቷል። እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጡበት ታሪክ የለበትም። ዮሴፍ ተሸጦ በትዕግሥት ያገለገለበት ግን አለ። ቆራጩ ምን እንደፈራ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ነገር ግን በአሜሪካ ያሉት ባሮች የሙሴን ታሪክ ሰምተውታል። በጆሮ የገባን ነገር ማን ይቆርጠዋል? ሌሊት ጌታው ሲተኛ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጫካ ይገባሉ። ድምፅ እንዳይወጣ ብርድ ልብስ በውሃ ነክረው በዙሪያቸው ይሰቅላሉ። ድምፁን ይውጥልናል ብለውም ድስት ይደፋሉ። እዚያ ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ በቀስታ ይዘምራሉ። የተያዘ ይገረፋል። በመዝሙራቸው ፈርዖን ሲሉ ብዙ ጊዜ ጌታውን ማለታቸው ነው፤ የእኛን ሰምና ወርቅ ይመስላል። ቀን እንደ ዕቃ ሲቆጠር የዋለ ሰው፣ ሌሊት የእግዚአብሔር ልጅ ነህ ሲባል ወገቡ ይቀናል።

እምነቱ እንባ ማበሻ ብቻ አልነበረም። ሃሪየት ተብማን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1849 ከባርነት አመለጠች። ዘመዶቿን ትታ መቀመጥ ስላልሆነላት 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ፣ በሌሊት እየመራች 70 ያህል ሰዎች አወጣች። የሚመራኝ እግዚአብሔር ነው ብላ ታምን ነበር። ሰዎችም ሙሴ አሏት። ይህች ሴት ፊደል አልቆጠረችም። ሰባኪው ባሪያ ናት ተርነር ግን ማንበብ ያውቃል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1831 በቨርጂኒያ ሰይፍ አነሳ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ከ50 በላይ ነጮች ተገደሉ፣ እርሱም ተሰቀለ። በማግስቱ ዓመት በዚያ ግዛት ጥቁር ሰው እንዳይሰብክ ሕግ ወጣ።

ለእኔ ግን ጌቶቹ ከሰይፍ ያላነሰ ፊደልን የሚፈሩ ይመስለኛል። በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1830 በወጣው ሕግ ባሪያን ማንበብ ያስተማረ ነጭ እስከ 200 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። አስተማሪው ራሱ ባሪያ ከሆነ 39 ጅራፍ ይገረፋል።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ልጅ ሳለ በባልቲሞር ከተማ እመቤቱ ፊደል ጀመረችለት፤ ባሏ ከለከላት። ልጁ ምን አደረገ? ዳቦ እየያዘ ይወጣና ለሰፈሩ ድሃ ነጭ ልጆች ይሰጣል፤ እነርሱ ደግሞ ንባብ ያሳዩታል። ጎረምሳ ሲሆን እሑድ እሑድ በድብቅ ከ40 በላይ ባሮች ሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ ማስነበብ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1838 አመለጠ። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የክርስቶስ ክርስትና ሌላ፣ የባሪያ ፈንጋዩ ክርስትና ሌላ መሆኑን ጻፈ። ለእኚያ አባት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ የለኝም።

ባርነቱን የጨረሰው እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው ጦርነት ነው፤ 180 ሺህ ያህል ጥቁሮችም ተሰልፈውበታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከልጅ ልጆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። በዚህ ዕድሜ ለምን ትደክማላችሁ ሲባሉ፣ ብዙዎቹ ከመሞታችን በፊት መጽሐፉን በገዛ ዓይናችን ለማየት ነው አሉ።