ያውቁ ኖሯል? ጎርፍ ጠጥተው የሚያድጉ ችግኞች!

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲያርፍ ድፍን አንድ ሊትር ውሃ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? በ30 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብ 300 ሊትር ነው! ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጊዜ ይሞላል! ግማሹ እንኳ ወደ አንዲት ችግኝ ሥር ቢወርድ ስንት ቀን እንደሚያቆያት ያስቡት!

በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ፣ አቭዳት በሚባለው ስፍራ፣ የዓመቱ ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። እዚያ ኮክና አልሞንድ ይለቀማል ቢባሉ ያምናሉ? ማይክል ኤቨናሪ የተባሉት የዕፀዋት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የጥንቶቹን ሰዎች እርሻ መልሰው አቋቋሙና አሳዩ! ከኮረብታ የሚወርድ ጎርፍ ብቻ ነበር የሚያጠጣው!

አንድ ሄክታር እርሻ ለማጠጣት ከ20 እስከ 30 ሄክታር ኮረብታ ያስፈልግ ነበር! ኮረብታው አይታረስም፣ አይዘራበትም። ሥራው ውሃ ማውረድ ብቻ!

የዚያ በረሃ አፈር ደግሞ ዝናብ ሲነካው ላዩ ይደፈናል። ውሃው መስረግ ትቶ ቁልቁል ይሮጣል። ለሌላው ገበሬ ይህ መርገም ነው፤ ለጥንቶቹ ሰዎች ግን ሀብት ነበር!

ጎርፍ በሚያቁር አንድ ጉድጓድ ሁለት ችግኝ የሚተከልበት ምክንያትስ? አንዱ ከጉድጓዱ ወለል፣ ሌላው ከፍ ካለችው ደረጃ ላይ ይተከላል። ዓመቱ ቢደርቅ የታችኛው ይተርፋል። ውሃ ቢተኛበት የላይኛው ይተርፋል! እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

በቱኒዚያ ማትማታ ተራሮች ገበሬው ሸለቆውን በክትር ይዘጋል። ጎርፉ ውሃውን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ተሸክሞ ያመጣለታል! ወይራ፣ በለስና ቴምር የሚተከሉት ጎርፍ ባመጣው መሬት ላይ ነው!

አሁን ወደ ቡርኪና ፋሶ ይሻገሩ። ያኩባ ሳዋዶጎ የተባሉ ገበሬ በጠራራው በጋ እንደ ድንጋይ የደረቀ መሬት ሲቆፍሩ አገሬው “አብደዋል” አላቸው! ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ ጨመሩ። ፍጉ ምስጥ ጠራ! አዎን፣ ገበሬ ሁሉ የሚጠላውን ምስጥ! ምስጡ መሬቱን ቦረቦረው፤ ዝናቡ ሲመጣም ውሃው በዚያው በምስጡ መንገድ ሰረገ።

በጉድጓዶቹ ከዘሩት ማሽላ ጋር ማንም ያልተከላቸው ዛፎች በቀሉ! ዘራቸው ከፍጉ ጋር የመጣ ነበር። እሳቸውም አልነቀሏቸውም። ያ ጠፍ መሬት ከ20 ሄክታር የሚበልጥ ደን ሆነ፤ ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት በቀለበት! ጫካው አንዴ በእሳት ጋይቷል፤ ሰውዬው ግን እንደገና ጀመሩ! እ.ኤ.አ. በ2018 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ይህን ጸሐፊ ከሁሉም በላይ ያስደነቁት እኚህ ሰው ናቸው!

እዚያው አገር፣ ያቴንጋ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለዛፍ ተብሎ ውሃ የማቆር ፕሮጀክት ተጀመረ። ገበሬዎቹ ብልሃቱን ወደዱትና እህል ዘሩበት! ውሃውን የሚያቆመውን የድንጋይ ካብ ልክ የሚያወጡትም ውሃ በተሞላ ብርሃን አሳላፊ ጎማ ነበር። መሃንዲስ አላስፈለጋቸውም!

የአሜሪካዋ ቱሰን ከተማ ነዋሪዎችስ? የመንገዱን ከርቭስቶን ቆርጠው ጎርፉን ወደ ዛፎቻቸው አስገቡ። ያኔ ሕገ ወጥ ነበር! በኋላ ከተማዋ ራሷ ፈቀደችው!

ወደ አገር ቤት ይመለሱ! የትግራይዋ አብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ በትሬንች፣ በእርከንና በክትር ዝናቡን አስራ፣ የተራቆተ ተራራዋን አልብሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አገኘች!

በኮንሶስ? ከ400 ዓመት በላይ ሲወራረስ የኖረው የእርከን ካብ አንዳንድ ቦታ አምስት ሜትር ይቆማል! በእርከኑ ላይ ሽፈራው ይበቅላል። ቅጠሉም ምግብ ነው!

ትግራይ ውስጥ ሞሞና የሚባለውን ግራር ያውቁታል? ሥሩ ጠልቆ የሰረገውን ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል! ሌላው ዛፍ በበጋ ሲራቆት እሱ ይለመልማል!